ማዶዎች ገበያ የቀሩበት ሰሞን

አባቴ ከተሜ የሆነው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። አንድ የመኸር ሰሞን መለኪያ የያዙ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው መጡና በገብሱ ማሳ ጥግ የሲሚንቶ ችካል ተክለው ሄዱ። አባቴ መንገድ ሊሠራ ነው ብሎ ደስ አለው፤ ሰዎቹን እቤት አስገብቶ ጠላ አጠጥቷቸዋል። ችካሉ የከተማው አዲስ ወሰን መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ እሱም ቤቱም በሬዎቹም፣ ከተማ መባላቸውን የሰማው ቆይቶ ነው።

የከተማችንን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም እንዲሁ። ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ በየቅዳሜው እንገናኛለን። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ የሚገናኝባት አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ናት ብል ይበቃል። ጠዋት ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ አውቶቡስ ይነሣባታል፤ ከወገዳ የሚመጣው የጭነት መኪና አቧራ ለብሶ ወደ ማታ ይደርስባታል። ድንጋይ የተነጠፈበት አንድ ዋና መንገድ አላት፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ወንዝ። ከወንዙ ወዲያ የተወለድኩበት መንደር አለ። ከተሜው መንደሩን ማዶ ይለዋል፤ ሰዎቹንም ማዶዎች።

እኔ የማዶ ልጅ ነኝ፤ ባሌ ደግሞ የከተማ ሰው ነው። ገበያው ዳር እህል ይገዛል፣ ይሸጣል። እኔ እዚያው ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ። ስለዚህ ያ ነገር ሲመጣ በየትኛውም በኩል ብቆም ከኋላዬ የምተወው የራሴ ሰው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ማዶ ውስጥ ደስታ ነበር ማለት ይቻላል። ወጣቶቹ መብራት ይገባልናል አሉ። እናቴ ጤና ጣቢያው ወደኛ ይጠጋ ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዳንዱ መሬቱ ዋጋ እንደሚያወጣ አስልቶ ዝም አለ። ቀድሞ የደረሰው ግን ግብሩ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ እንደ ከተማ ነዋሪ የቤትና የቦታ ግብር ጠየቃቸው። ወረዳው ደግሞ ከገበሬነት ስላልሰረዛቸው የእርሻ መሬት ግብሩን እንደ ድሮው መቀበሉን ቀጠለ። ለሁለት ጌታ ገባሪ ሆኑ።

በዚያ ላይ ኬላው መጣ። ድልድዩ ራስ ላይ ገመድ ተወጠረ፤ ወደ ገበያ የሚገባ እህልም በለው ዶሮም በለው ድንች ቀረጥ ሳይከፈልበት አያልፍም። የማዶ ሰው ገመዱ ጋ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ከተማ ከሆንን ወደ ከተማ ስንገባ ለምን እንቀረጣለን? ገጠር ከሆንን ደግሞ የጣሪያ ግብሩ ምንድን ነው? ገመዱን የያዙት ልጆች የታዘዝነው ነው ይላሉ። አብዛኞቹ እኔ ያስተማርኳቸው ናቸው፤ ተምረው ሥራ ያጡ። ሴቶቹ ዶሯቸውን እንዳቀፉ ቀራጭ እያሉ ሲሰድቧቸው ልጆቹ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። አባቴ አንድ ቅዳሜ ይህን ሰምቶ ሴቶቹን ተቆጣ። “ማቴዎስም ቀራጭ ነበር፤ ልጆቹን ተዉአቸው” አላቸው።

አባቴ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት በእርሻ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በሬዎቹን። በመንደሩ ሁለት ሰው ሲጣላ ይጠሩታል፤ ይሄዳል፣ ሁለቱንም እስኪደክማቸው ያዳምጥና አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ይመለሳል። ለዚህ ነው በራሱ ላይ የደረሰው ነገር መንደሩን በሙሉ ያስቆጣው።

በዐቢይ ጾም ነው። ዝናብ ጣል አድርጎ ስለነበር መሬቱ ለእርሻ ተመችቷል። አባቴ ከከተማው በላይ በኩል ከአያቴ የወረሳት አንዲት ማሳ አለችው፤ ወደዚያ ለመድረስ የግድ በከተማው መሐል ማለፍ አለበት። ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ በሬዎቹን እየነዳ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ደንብ አስከባሪዎች አስቆሙት። ከብት በተነጠፈው መንገድ እንዳይሄድ ተከልክሏል አሉት። አባቴ አልሰማም ነበር። በሬዎቹ ተነድተው ማዘጋጃ ቤት ግቢ ገቡ፤ ቅጣት ሳይከፈል አይወጡም ተባለ። ከንቲባው ለስብሰባ ደብረ ታቦር ሄዷል፤ ከሱ በታች ያለው ሰው ደግሞ እኔ በዚህ ላይ ሥልጣን የለኝም አለ።

ወሬውን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ሮጬ ስደርስ አባቴ በአጥሩ ክፍተት ለበሬዎቹ ጭድ ያቀብላል። ጭዱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ትከሻው ላይ ሽቦ የመሰለ ገለባ ተሰክቶበታል። የማውቃቸው ሰዎች በመንገዱ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ቆሞ ያየዋል፣ አንዳንዱ እንዳላየ ፊቱን ያዞራል። ዘበኛው የአባቴን ዓይን እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ምን ልበል? አባቴን በእርሻው፣ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በቤተ ክርስቲያን አይቼዋለሁ። በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ቅጣቱ ተከፍሎ በሬዎቹ የወጡት በማግሥቱ ነው። አባቴ እቤቴ ጎራ ብሎ ውሃ ጠጣ፣ ስለ ልጆቼ ጤና ጠየቀኝ፣ ባሌን ስለ ሥራው ጠየቀው። ስለ በሬዎቹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲወጣ እስከ ድልድዩ ሸኘሁት፤ ገመዱን የያዙት ልጆች ገና ሲያዩት ገመዱን መሬት ጣሉለት። አመስግኗቸው አለፈ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የማዶ ወንዶች ሰንበቴ ላይ ተቀምጠው መከሩ። ምክሩ ምን እንደሆነ አባቴ አልነገረኝም። የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም በቀጥታ ሳይሆን “ቅዳሜ ድንች ከፈለግሽ አሁን ይዘሽ ሂጂ” ብላ ነው።

ቅዳሜ ከማዶ አንድም ሰው አልመጣም። ከማዶ ወዲያ ያሉት መንደሮችም ነገሩን ሰምተው ቀሩ። ገበያችን ስትሞላ እንጂ ባዶ ስትሆን አይቻት ስለማላውቅ ስፋቷ ራሱ አስደነገጠኝ። ዘንቢል የያዙ ሴቶች ወዲያ ወዲህ ብለው ተመለሱ። ባሌ ሚዛኑን አውጥቶ አቁሞ እስከ ቀትር ጠበቀ፤ ከዚያ መልሶ አስገባው። ከወገዳ የመጡ ነጋዴዎች መኪናቸውን ሳይሞሉ ሄዱ። ጠላ ሻጮቹ ገብስ፣ ምግብ ቤቶቹ ባቄላና ድንች አጡ። በሳምንቱ ዋጋው ጨመረ፤ ከተሜው በማዶዎች ላይ ማጉረምረም ጀመረ። እኛ ባንኖር ለማን ይሸጡት ነበር አሉ። ማዶዎቹ ደግሞ እኛ ባንኖር ምን ይበሉ ነበር ይላሉ። ሁለቱንም በየተራ እሰማለሁ።

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ተጨንቆ ነበር። እሱም ግብር ከፋይ ነው። ገማቾች መጥተው ሱቁን አይተው የቀን ሽያጩን ይገምታሉ፤ ገበያ ባዶ ሆነ ብሎ ግምቱ አይቀንስለትም። አንድ ምሽት እራት ላይ ሆዱን የሞላውን ተነፈሰ።

“ግብሩን የጣልኩት እኔ አይደለሁም” አለኝ። “አባትሽ ቢመክሯቸው ይሰሙ ነበር።”

“መክረዋቸው ነው እንጂ የቀሩት” አልኩት።

ሳያስበው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ግን ነገሩን አላቀለለውም። ሁለታችንም ከዚያ ወዲህ ስለ ማዶ ስንነጋገር ቃል እየመረጥን ሆነ። በአንድ ጣሪያ ሥር ቃል እየመረጡ መኖር ያደክማል። ልጆቼ እንኳ አባታቸው ፊት አያታችን ማለት ቀነሱ።

ከቤታችን ቀጥሎ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ አሉ። ሁላችንም ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ነጠላ፣ ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ ለክረምት የሚሆን የጎማ ቦት ይሸጣሉ፤ ደንበኞቻቸው በሙሉ ገበሬዎች ናቸው። የማን ልጅ መቼ እንደሚዳር፣ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ ያውቃሉ፤ ዕቃም በአደራ ይይዛሉ። ገበያው ከጎደለ በኋላ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አያቸው ነበር።

ማዶዎች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው የወይራ ዛፍ ሥር የራሳቸውን ገበያ እንደ ጀመሩ ተሰማ። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ሐጂ አህያ ሲጭኑ አገኘኋቸው። ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ገበሬው ወደኔ ካልመጣ እኔ ወደ ገበሬው ልሂድ እንጂ” አሉኝ፤ “አንቺስ እናትሽን አትጠይቂም?”

ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው። ሌሎቹ ነጋዴዎች በየበራቸው ቆመው አዩን፤ አንዱ ከተማውን ከዱት እንዴ አላቸው፤ እሳቸው ሰላምታ ሰጥተውት አለፉ። ኬላው ጋ ስንደርስ ልጆቹ ግራ ገባቸው። ገመዱ የሚገባውን እንጂ የሚወጣውን ስለማይቀርጥ ዝም ብለው አሳለፉን።

የማዶን አዲስ ገበያ ሳየው በልቤ አዘንኩ። ሁሉም ሰው ገብስ ይዟል፤ ገብስ ያልያዘው ባቄላ ይዟል። ሁሉም ሻጭ ነው፤ ገዥ የለም። ሴቶቹ የያዙትን ዘርግተው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ ጎረቤታችን ድንቿን በሌላዋ ሽንኩርት ለውጣ፣ ይህን ማድረግማ አጥር ላይም እንችል ነበር ብላ አሳቀችን። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት የሚሸጥ የለም። የእናቴ ጨው ካለቀ ቀናት ሆኖት ነበር፤ ግን ከከተማ ይዤላት እንድመጣ አልጠየቀችኝም። ሰው ሁሉ ቀርቶ የኔ ልጅ ብታሻግርልኝ ነውር ነው አለች።

አባቴ ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከሳ ብሏል። ሐጂ አህያቸውን አስረው አጠገቡ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ሐጂ የጉልበት ሕመም አወሩ። እኔ ከእናቴ ጋር ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀምጫለሁ። በኋላ ሐጂ ወደ ነገሩ ገቡ።

“አንቱም እህል ይዘው ተቀምጠዋል፤ እኛም ሚዛን ይዘን ተቀምጠናል” አሉት። “ፋሲካ ደረሰ። ይሄ ነገር ማንን ጠቀመ?”

“ማንንም አልጠቀመም” አለ አባቴ። “ግን ሐጂ፣ አንድ በሬ ሁለት ቀንበር አይሸከምም። ከተማ ነህ ካሉኝ ከተማ ልሁን፤ ገበሬ ነህ ካሉኝ ገበሬ ልሁን። አንዱን ይንገሩኝ። በሬዎቼን ስላሰሩብኝ አይደለም፤ የሚጠይቀኝ ሰው ስላጣሁ ነው። መሬቴን ለክተው ወሰኑ፣ ገመዱን ወጠሩ፣ ግብሩን ጣሉ። አንድ ቀን መጥቶ ምን ትላለህ ያለኝ የለም።”

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያመጡትን ጨርቅ ዘርግተው ለፋሲካ ልብስ ለሚሹት በዱቤ ሰጡ። ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆም ብለው፣ ከንቲባው ዘንድ አብረን እንሂድ፣ አንቺ አብረሽው ተምረሻል አሉኝ።

እውነት ነው፤ ከንቲባው የክፍል ጓደኛዬ ነበር። የከተማ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ልጅ ሆነን ባቄላ ሲያፈራ ወንዙን ተሻግሮ ከኛ ማሳ እሸት ይበላ ነበር። ሹመቱን ካገኘ ወዲህ በመንገድ ሰላም ከመባባል በስተቀር አውርተን አናውቅም። ቢሮው ስንገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ሐጂን በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይመስል ነበር።

የአባቴን ነገር ስነግረው አንገቱን ደፋ። በሬዎቹ መታሰራቸውን ከስብሰባ ሲመለስ ነው የሰማው፤ ሊመጣ ፈልጎ ምን ብዬ ልግባ ብሎ ቀረ። ከዚያ የራሱን ችግር ነገረን። ከተማው ወጪውን በራሱ ገቢ ይሸፍን ተብሏል። የጽዳት ሠራተኛው ደመወዝ፣ የውሃው ሞተር ነዳጅ፣ የመንገዱ ጥገና፣ ሁሉም ከዚያው ከሚሰበሰበው ነው። ሞተሩ በተበላሸ ቁጥር ከተማው እሱን ይሰድባል። ነጋዴው ግብሩ በዛ ይለዋል፤ ከላይ ያሉት ገቢህ አነሰ ይሉታል። ኬላውን ያገኘው ከሱ በፊት ተተክሎ ነው፤ ቢያነሣው የሚጎድለውን በምን እንደሚሞላ አያውቅም።

“ሁሉም ለኔ ይነግረኛል” አለ። “እኔ ለማን ልንገር?”

ከመሥሪያ ቤት ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ስንገባ የያዝኩት ቁጣ ግማሹ ወለሉ ላይ ቀረ። ሐጂ ግን ቀለል አድርገው፣ ለማዶዎች ንገራቸዋ አሉት። ለኛ የነገርከንን ሄደህ ንገራቸው፤ እነሱም የሚነግሩህ አላቸው። ከንቲባው እሺ አለ።

የመጣው በሆሳዕና ነው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ዘንባባውን ጣቱ ላይ ቀለበት፣ ግንባሩ ላይ ሻሽ አድርጎ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከንቲባው በእግሩ ድልድዩን ተሻግሮ ደረሰ። ዘበኛ አላስከተለም፤ ከሐጂና ከሁለት የምክር ቤት ሰዎች ጋር ብቻ ነው። ባሌም ከኋላ ከኋላ መጣ፤ ሐጂ ጎትተውት ይሁን ወዶ እስካሁን አልነገረኝም። ካህናቱ ዘንባባ ሰጡት፤ እሱም ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ከወይራው ሥር በድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ አልነበረም። ወጣቶቹ ጮኹበት። አንዱ ችካሉን ነቅለን እንጥለዋለን አለው። ሌላው መሬታችንን ለባለሀብት ልትሸጡት ነው አለ። ከንቲባው መልስ ሊሰጥ ሲል ያቋርጡታል። አባቴ በዕድሜ ከሁሉም ከፍ ያሉትን መሪጌታ አየና፣ መሪጌታም መቋሚያቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ሰው በተራ ይናገር ተባለ።

ብዙ ሰው ተናገረ። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ንግግር ነው። ከመንደሩ ጫፍ፣ ለከተማው ውሃ ከሚሳብበት ምንጭ አጠገብ ትኖራለች። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ድምፅዋንም ከፍ ሳታደርግ ተናገረች።

“ምንጩ የሚፈልቀው ከጓሮዬ ነው። ቧንቧው የሚያልፈው በደጄ ነው። ሌሊት ውሃው ሲሄድ እሰማዋለሁ። እኔ ግን የምቀዳው ከወንዝ ነው። የከተማ ግብር ከከፈልኩ የከተማ ውሃ አይገባኝም?”

ባሌን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። እኛ ቤት ቧንቧ አለ፤ በሳምንት አንዳንድ ቀን የሚመጣ ቢሆንም አለ። ውሃው በማን ደጅ አልፎ እንደሚመጣልን አንድም ቀን አስበን አናውቅም ነበር።

ከንቲባው ተነሣ። ለኛ ቢሮው ውስጥ የነገረንን ሁሉ ነገራቸው፤ ሞተሩን፣ ደመወዙን፣ ከላይ የሚመጣውን ዕቅድ። ከዚያ የሚችለውንና የማይችለውን ለየ። በወሰኑ ውስጥ ያለ ሰው ኬላ ላይ እንዳይቀረጥ ምክር ቤቱን ጠይቆ ማስወሰን ይችላል። ውሃውን በተመለከተ ቧንቧና ቦኖ ማምጣት ይችላል፤ ለቁፋሮ የሚከፍለው ግን የለውም። ሁለቱን ግብር አንድ ማድረግ የሱ ሥልጣን አይደለም፤ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ መልሱ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። የከብት መንገድ በወንዙ ዳር ይከለላል። ችካሉን ግን መንቀል አይችልም። የከተማው ወሰን ወደፊትም ይሰፋል እንጂ አይጠብም፤ ሌላ ብነግራችሁ ውሸት ነው አለ።

ይህን ሲል ጉርምርምታ ተነሣ። አባቴ ያኔ ነው የተናገረው።

“ልጄ፣ የምትችለውን ስለነገርከን እናመሰግንሃለን። የማትችለውን ስለነገርከን ደግሞ የበለጠ እናመሰግንሃለን። ቁፋሮውን ለኛ ተወው።”

ስብሰባው በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ ወጣቶች ሳይረኩ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። ችካሉ የቆመው ነገ እወርሰዋለሁ ብለው በሚያስቡት መሬት ላይ ነው። ካህናቱ ግን ጸሎት አድርገው፣ ከንቲባውን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አስገብተው ዳቦና የጾም ጠላ አቀረቡለት። ከኋላ ተቀምጬ ሳየው እንደ ልጅነቱ ነበር የሚበላው፤ ፈጥኖ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ምክር ቤቱ በሰሙነ ሕማማት ተሰብስቦ ወሰነ፤ ገመዱ ለማዶዎች ወረደ። ከወሰኑ ወዲያ ለሚመጡት ግን ቀጥሏል፤ እነሱም የየራሳቸው ቅሬታ አላቸው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። የቀዳም ሥዑር ገበያ እንደዚያ ዓመት ሞልቶ አላየሁም። ዶሮው፣ በጉ፣ ቅቤው፣ ገብሱ በአንድ ጊዜ ድልድዩን ተሻገረ። ባሌ ሲመዝን ውሎ ድምፁ ተዘጋ። አባቴ የመጣው ረፋዱ ላይ ነው፤ ለእናቴ ጨው ገዛ፣ ሐጂ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲተራመስ ያይ ነበር።

ቁፋሮው የተጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ማዶዎች በጎጥ ተከፋፍለው ወጡ። ያልጠበቅነው ከከተማም ሰው መምጣቱ ነው። ሐጂ ሱቅ ለሱቅ ዞረው፣ በየቤታችሁ የምትጠጡት የማንን ውሃ ነው እያሉ ነጋዴዎቹን አሳፍረው አወጧቸው። ባሌ ዶማ ይዞ ሲወጣ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ፤ ከሚዛን በቀር የሥራ ዕቃ ይዞ አያውቅም። ምሳ ይዤ ስሄድ ከአባቴ ጋር በአንድ ቦይ ውስጥ አገኘኋቸው። መዳፉ ተልጦ በጨርቅ አስሮታል። አባቴ ዶማው እንዴት እንደሚያዝ እያሳየው፣ ቀስ በል፣ መሬት ትግል አትወድም ይለዋል። ባሌም አባባ እያለ ይመልስለታል። ከተጋባን ጀምሮ አባቴን አንቱ ሲል እንጂ አባባ ሲል አልሰማሁትም ነበር። ምሳውን አስቀምጬ ትንሽ ዘወር አልኩ።

ቦኖው ከዚያች ሴት ደጅ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ውሃው እንደ ከተማው ሁሉ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ሲጠፋ አሁን ሁለቱም ወገን አብሮ ያማርራል።

የሁለቱ ግብር ነገር ግን ቶሎ አላለቀም። ከንቲባው ደብረ ታቦር ተመላለሰ፤ ወረዳውና ማዘጋጃ ቤቱ አንዱ ለሌላው አልለቅም ብለው ቆዩ። በመሐል ማዶዎች ሁለቱንም ከፈሉ፤ እያጉረመረሙ ነው፣ ግን ከፈሉ። ከንቲባው በየጊዜው መጥቶ የደረሰበትን ይነግራቸው ነበርና። በመጨረሻ ከሁለቱ ግብር አንዱ ተነሣላቸው። የአባቴ የገብስ ማሳ ግማሹ ደግሞ ለቤት ቦታ ተመራ፤ ካሣ ተሰጠው፤ ካሣውን ለታናሽ ወንድሜ ማቋቋሚያ አደረገው። ማሳው ሲሄድ አዘነ፤ አላለቀሰም። አሁን እዚያ ቆርቆሮ ቤቶች ቆመዋል። የሚኖሩባቸው ከሌላ ቀበሌ የመጡ ሰዎች ናቸው። እናቴ መጀመሪያ ላይ አላናግራቸውም ብላ ነበር፤ አንደኛዋ ስትወልድ ግን ገንፎ ይዛ የሄደችው እሷ ናት።

ከንቲባው ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረው ገመዱ በወረደ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሥራውን ጥሩ ሠርቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ገቢው ስላነሰ ነው የሚሉም አሉ። የሄደ ዕለት ማለዳ አውቶቡስ መነሻው ላይ ከከተማው ሰው ይልቅ የማዶ ሰው በዝቶ አየሁ። ያቺ ሴት የተቆላ ገብስ ቋጥራ ሰጠችው። ችካሉን እንነቅላለን ብሎ የጮኸው ወጣት ሻንጣውን ተሸክሞለታል። አባቴ ጉንጩን ሦስቴ ስሞ ለቀቀው። ከንቲባው መስኮት ዳር ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሲያብስ አየሁት።

አውቶቡሱ ሲሄድ አባቴን ይዤ ወደ ቤቴ አቀናሁ። ምነው አሁን ማን ይመጣብን ይሆን ብዬ ስጨነቅ፣ ማንም ይምጣ አለኝ። በሳምንቱ አዲሱ ከንቲባ ገባ ሲባል አባቴ የክት ኩታውን ለብሶ ሐጂን አስከትሎ ሳይጠራ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። እንኳን ደህና መጣህ ሊለው ነው፤ ማዶም ምን እንደሆነ ሊነግረው።